ኮሩ 28፣ የሚሠራው አንድ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር ትልልቅ ዳታቤዝ ስለሚሸከሙ ሰርቨሮች ጠይቁን ብለን ነበር። ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡት ብቻ አምዱን ሞሉት። ተመሳሳዮቹን ወደ አንድ አምጥተን አራቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ባለ የዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ዳታቤዙን የምይዘው እኔ ነኝ። የምንጠቀመው ፖስትግሬስ የተባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው፤ 600 ጊጋ ደርሷል፤ የሽያጩ ሠንጠረዥ ብቻውን 300 ጊጋ ይሆናል። ቀን ቀን 60 ሰው ይሠራበታል። የወር መጨረሻ ሪፖርት ሲነሳ ግን ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ሪፖርቱ ራሱ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። አሁን ሁለት ሰርቨር በተቀራራቢ ዋጋ ቀርቦልናል። አንደኛው ያገለገለ ነው፦ ሁለት ዚዮን ኢ5 ቪ4 ፕሮሰሰር፣ እያንዳንዱ 14 ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል)፣ ፍጥነቱ 2.4 ጊጋኸርትዝ፣ 128 ጊጋ ራም፣ ስምንት ሃርድ ዲስክ። ሁለተኛው አዲስ ነው፦ አንድ ፕሮሰሰር ከ16 ኮር ጋር፣ 256 ጊጋ ራም፣ አራት ኤንቪኤምኢ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ)። አለቃዬ «28 ከ16 ይበልጣል፣ ምኑ ያከራክራል?» ይላሉ። ልቤ ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ ግን ማስረዳት አቃተኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ ልክ ነው። ሁለተኛውን ግዙ። ለአለቃሽ የምታስረጂበትን አብረን እንየው።

መጀመሪያ ግን አሁን ባላችሁ ሰርቨር ላይ አንድ ነገር አድርጊ። የወር መጨረሻውን ሪፖርት አስነሺና አጠገቡ ኤችቶፕን፣ የፕሮሰሰሩን ሥራ የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ክፈቺ። እያንዳንዱ ኮር የራሱ መስመር፣ አንዳንዴም ሁለት፣ አለው። ሪፖርቱ እየተጎተተ መስመሮቹ ሁሉ ዝቅ ካሉ ፕሮሰሰሩ ዲስክ እየጠበቀ ነው፤ ቶፕ በተባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ላይ ደግሞ «ደብልዩ ኤ» የሚለው ዲስክ የመጠበቂያ ቁጥር ከፍ ብሎ ታዪዋለሽ። አንዱ መስመር ሞልቶ ሌሎቹ ባዶ ከሆኑ ግን ሪፖርቱ የሚሠራው በአንድ ኮር ብቻ ነው። ያኔ 28 ይሁን 280፣ ለውጥ የለውም።

ይህን የምለው አይቼው ነው። ደሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት 32 ኮር ያለው ሰርቨር ገዝቶ ሪፖርቱ ያው ሆነባቸውና ጠሩኝ። ስክሪኑ ፊት ቁጭ አልን። አንዱ መስመር እስከ ጥግ ሞልቷል፣ 31ዱ ባዶ ናቸው። ሰዎቹ ሻጩ አታሏቸው መስሏቸው ነበር። ኩዌሪውን፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚላከውን ጥያቄ፣ ገልጠን ስናይ መሐሉ ላይ አንድ ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ ትንሽ ፕሮግራም) ተቀምጧል፤ ሥራው የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ዘመን አቆጣጠር መቀየር ነው። መስከረም ይሁን ጳጉሜን ለማወቅ በየረድፉ ይጠራል። ፖስትግሬስ ደግሞ ተጠቃሚ የጻፈውን ፈንክሽን፣ ሌላ ነገር ካልተነገረው፣ በብዙ ኮር ተከፋፍሎ ለመሥራት አያስተማምንም ብሎ ይይዘዋል። በዚህች አንድ ፈንክሽን ምክንያት ኩዌሪው በሙሉ በአንድ ኮር ይሄዳል! ፈንክሽኑ ቀን ከማስላት በቀር የሚጽፈውም የሚቀይረውም ነገር እንደሌለ አረጋገጥንና «ፓራለል ሴፍ» የሚለውን ምልክት ጨመርንበት። መስመሮቹ አንድ በአንድ ብድግ ብድግ ሲሉ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ተነስቶ ቆመ። የተቀዳው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሪፖርቱ ወጣ። የናንተም ሪፖርት በእኛ ወር የሚቆጥር ከሆነ መጀመሪያ እዚያ እዪ።

ሌላም አለ። ፖስትግሬስ አንድን ኩዌሪ ለብዙ ኮር ማከፋፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 9.6 እትም ነው። እትማችሁ ከዚያ የቆየ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያልቃል። አዲስም ቢሆን ለአንድ የመሰብሰቢያ ደረጃ (የተከፋፈለው ሥራ ውጤት ለሚገጣጠምበት) የሚመድበው ረዳት፣ ማንም ካልነካው፣ 2 ብቻ ነው። ዋናው ሲጨመር ሦስት። ይህን ቁጥር ሳያሳድጉ ባለ 28 ኮር መግዛት ገንዘቡን አውጥቶ 25ቱን ሥራ ማስፈታት ነው። ስታሳድጊው ግን ራሙንም አስቢ፤ እያንዳንዱ ረዳት ዳታውን ለመደርደር የሚሆን የራሱን ሜሞሪ ይወስዳል።

አሁን ወደ ዲስኩ። ሃርድ ዲስክ በተርታ ሲያነብ በሴኮንድ 200 ሜጋ ያህል ነው። 300 ጊጋ ሠንጠረዥ ለማንበብ 1,500 ሴኮንድ፣ ማለትም 25 ደቂቃ ይፈጃል። ስምንቱ ሲደጋገፉ ይህ ያጥራል፤ እውነት ነው። ችግሩ ቀን ላይ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ በሴኮንድ 120 ዙር ይዞራል፤ የምትፈልጊው ቦታ ከማንበቢያው ጭንቅላት ሥር እስኪመጣ በአማካይ ግማሽ ዙር ትጠብቂያለሽ፤ ይህ 4 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው፤ ጭንቅላቱ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድበት ጊዜ ሲጨመርበት አንድ ዲስክ እዚህም እዚያም እየዘለለ የሚያነበው በሴኮንድ ቢበዛ መቶ ጊዜ ገደማ ይሆናል። 60 ሰው እየጠየቀ፣ ሪፖርቱም ከላይ እየጎተተ፣ ስምንቱ ተደምረው ጥቂት መቶ ነው። አንድ ጥሩ ኤንቪኤምኢ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። በተርታም ቢሆን በሴኮንድ 3 ጊጋ ካነበበ ያንን 300 ጊጋ በ100 ሴኮንድ ይጨርሰዋል። አለቃሽ ፊት ሌላው ሁሉ ቢረሳሽ ይህችን ስሌት አትርሺ።

እሺ፣ ዲስኩን እኩል ብናደርገውስ? 28ቱ 16ቱን ምን ያህል ይበልጠዋል? ወፍጮ ቤት አስቢ። ወፍጮው ብዙ ነው፣ እህሉን የሚመዝነው ሰው ግን አንድ። ወፍጮ በጨመርሽ ቁጥር ሚዛኑ ጋ ያለው ሰልፍ አያጥርም። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒውተር ነዳፊ እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሳው ነገር ይኸው ነው፤ ዛሬ በስሙ የአምዳል ሕግ ይባላል። ከሥራው መቶኛ አሥሩ ሊከፋፈል የማይችል ነው እንበል። ባለ 16 ኮሩ ሥራውን 6.4 እጥፍ ያፈጥነዋል። ባለ 28ቱ 7.6 እጥፍ። አሥራ ሁለት ኮር ተጨምሮ ልዩነቱ ይህ ነው! ሺህ ኮር ብታመጪ እንኳ አሥር እጥፍ አይሞላም። ይህም ኮሮቹ እኩል ፈጣን ናቸው ብለን ነው፤ ያገለገለው ሰርቨር ኮር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው፣ ከአሁኑ ኮር ጋር አይስተካከልም። 60ዎቹ ሠራተኞች የሚልኩት አጫጭር ሥራ ነው፣ እያንዳንዱም በአንድ ኮር ያልቃል። ለእነሱ ከኮሩ ብዛት ይልቅ የሚጠቅማቸው የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው።

ሁለት ሶኬት፣ ማለትም ሁለት የፕሮሰሰር መቀመጫ፣ ሲሆን ደግሞ ራሙም ለሁለት ይከፈላል። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ጎተራ አለው፤ ከጎረቤቱ ጎተራ ሲፈልግ በመሐላቸው ባለው መስመር ተሻግሮ ያመጣል፣ ያ ደግሞ ከራሱ ከማምጣት ይዘገያል። ዳታቤዙ ከዲስክ ያነበበውን የሚያቆይበትን የጋራ መያዣ በሁለቱም ላይ ስለሚዘረጋ መሻገሩ የማያቋርጥ ነው። ሁለት ሶኬት አይገዛ እያልኩ አይደለም። 16 ኮር ከበቃችሁ ግን በአንዱ ተገላገሉ።

ስትገዢ አንድ ነገር በጽሑፍ አስቀምጪ። ራሙ ስንት ፍሬ ሆኖ እንደሚመጣ። የዛሬ ሰርቨር ፕሮሰሰር ብዙውን ጊዜ 8 ወይም 12 የራም መንገድ አለው። መንገዱ 8 ከሆነ 256ቱ ጊጋ ባለ 32 ስምንት ፍሬ ሆኖ ይምጣ። ባለ 64 አራት ፍሬ ካመጡልሽ ድምሩ ያው 256 ነው፤ ግማሹ መንገድ ግን ባዶ ይቀራል። ራሙ ዲዲአር4 3200 የተባለው ዓይነት ከሆነ በአንድ መንገድ በሴኮንድ 25.6 ጊጋ ያልፋል፤ በስምንቱ 204.8፣ በአራቱ 102.4። ሪፖርት የሚያወጣ ዳታቤዝ ላይ ይህ በቀጥታ ይታያል። ሻጭ አራት ፍሬ የሚያመጣው ወደፊት ለመጨመር ቦታ ይኑር ብሎ ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ግን የዛሬውን አስቢ።

ኤንቪኤምኢዎቹም ኃይል ሲቋረጥ የሚይዝ ካፓሲተር ያላቸው የሰርቨር ዓይነቶች ይሁኑ። የላፕቶፑን ዓይነት አትቀበዪ። ፖስትግሬስ አንድን ሽያጭ «ተመዝግቧል» የሚለው ዲስኩ ጻፍኩ ሲለው ነው፤ ካፓሲተር የሌለው ዲስክ ወይ እውነት ለመናገር ይዘገያል፣ ወይ ሳይጽፍ ጻፍኩ ብሎ መብራት ሲጠፋ ያሳፍርሻል። አሮጌውን ሰርቨር አትጣሉት። የዋናውን ቅጂ እየተቀበለ ተጠባባቂ ይሁን።

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ የአንድ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። የማይክሮሶፍቱን ዳታቤዝ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ስታንዳርድ 2022ን፣ እንጠቀማለን። ባለ 64 ኮር ሰርቨር በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ። ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። የርስዎ እትም በአንድ ኢንስታንስ (በአንድ ተከላ) ቢበዛ 24 ኮር ነው የሚጠቀመው። ፈቃዱ የሚከፈለው ደግሞ በማሽኑ ውስጥ ባሉት ኮሮች ሁሉ ልክ ነው፤ የ64 ይከፍላሉ፣ በ24 ይሠራሉ። ለዳታው መያዣ የሚወስደው ራምም እስከ 128 ጊጋ ነው። ወደ ኦራክል ዳታቤዝ ልሂድ ካሉም ስታንዳርድ ኤዲሽን 2 የሚፈቀደው ከሁለት ሶኬት ባልበለጠ ማሽን ላይ ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው 16 ትሬድ ብቻ ነው። ትሬድ ኮር አይደለም፣ ኮሩ የሚያስኬደው አንድ የሥራ መስመር ነው፤ አንድ ኮር ብዙ ጊዜ ሁለት ትሬድ ይሰጣል። የሰርቨር ፕሮሰሰር አምራቾች ኮሩ ጥቂት፣ ፍጥነቱ ከፍ ያለ ዓይነት የሚያወጡት እንደርስዎ ላለው ጭምር ነው። ባለ 16 ወይም ባለ 24 ፈጣን ኮር ይጠይቁ። ከፈቃዱ በሚተርፈው ገንዘብ ዲስኩን ያሻሽሉ። የማሽኑ ዋጋ ቀላሉ ነው፤ ከብዶ የሚመጣው ፈቃዱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ደሴ የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች ነን። ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት ስድስት ዴስክቶፕ በርካሽ ገዝተናል። አንድ ላይ አያይዘን እንደ አንድ ትልቅ ዳታቤዝ እንዲሠሩ ማድረግ ይቻላል? 200 ጊጋ ዳታ አለን። ከአንድ ሰርቨር ይሻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ሐሳቡም ትልቅ ስም ያለው ነው። በዚህ ሙያ ማሽኖችን የማጣመሪያ ሦስት መንገድ አለ፦ ራሙን የሚጋሩ፣ ዲስኩን ብቻ የሚጋሩ፣ ምንም የማይጋሩ። የናንተ ሦስተኛው ነው። የዳታቤዝ ተመራማሪው ማይክል ስቶንብሬከር እ.ኤ.አ. በ1986 ይህ ሦስተኛው መንገድ ያዋጣል ብሎ የተከራከረበት ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ቴራዳታ የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

እንደ ደቦ አስቡት። ማሳው ለስድስት ተከፍሏል፣ እያንዳንዱ የራሱን ያጭዳል፣ ማንም የማንንም ማጭድ አይነካም። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ጠላው የሚቀዳው የመጨረሻው ሰው ሲጨርስ ነው። ለአንዱ ሰፊ ማሳ ከደረሰው አምስቱ ቆመው ያዩታል። ሌሎቹ ተመራማሪዎች ዴቪድ ዴዊትና ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1992 የዚህን ዓይነት ዳታቤዝ ጠላቶች ሦስት ብለው ጽፈዋል፦ ሥራውን ለማስጀመር የሚባክነው ጊዜ፣ በጋራ ነገር ላይ እርስ በርስ መሰነካከል፣ እና ይህ የማሳው አለመመጣጠን። እናንተን መጀመሪያ የሚያገኛችሁ የመጨረሻው ነው። ዳታውን በከተማ ብትከፍሉት፣ ደንበኞቻችሁ ደሴ ላይ ከበዙ፣ የደሴ ማሽን እያቃሰተ የወልዲያና የሐይቅ ከተማ ማሽኖች ሥራ ይፈታሉ። በከተማ አትክፈሉ። የደንበኛውን ቁጥር ሃሽ አድርጋችሁ (በስሌት ወደተበታተነ ቁጥር ቀይራችሁ) በዚያ ክፈሉት። የደንበኛው ሠንጠረዥና የሽያጩ ሠንጠረዥ በአንድ ዓይነት ቁጥር ከተከፈሉ የአንድ ሰው መረጃ ሁሉ አንድ ማሽን ላይ ያርፋል፤ ሁለቱን ለማገናኘት ኔትወርክ መሻገር አያስፈልግም።

መሻገር ሲያስፈልግ ግን ታያላችሁ። አንድ ጊጋቢት ገመድ ቢበዛ በሴኮንድ 125 ሜጋባይት ነው የሚያሳልፈው። አንድ ተራ ሳታ ኤስኤስዲ ዲስክ 550 ገደማ ያነብባል። ገመዳችሁ ከዲስካችሁ በአራት እጥፍ ይዘገያል ማለት ነው። 50 ጊጋ ከማሽን ወደ ማሽን ማዘዋወር ቢቀናችሁ 400 ሴኮንድ ይበላል። የዴስክቶፕ ራም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስህተቱን ራሱ የሚያርም አይደለም፤ ስድስት ማሽን ካላችሁም ከስድስቱ አንዱ የሚበላሽበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

ስለዚህ ሁለት መልስ አለኝ። ለመማር ከሆነ ዛሬውኑ ጀምሩ፤ ፖስትግሬስ ላይ ተጭኖ ዳታውን ለብዙ ማሽን የሚያከፋፍለው ሳይተስ ነፃ ነው፣ ይህን ነገር በእጁ ነክቶ የሚያውቅ ወጣት በጣም ያስፈልገናል። ለሰው ገንዘብና ለሰው ሥራ ከሆነ ግን 200 ጊጋ ብዙ አይደለም። 256 ጊጋ ራም ያለው አንድ ማሽን ሙሉ በሙሉ ሜሞሪው ላይ ይዞት ይውላል። ከአንድ ማሽን ወደ ብዙ መሄድ ያለባችሁ አንዱ በእርግጥ ሲሞላባችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ዋናው ቢሯችን ደሴ፣ መጋዘናችን ኮምቦልቻ ነው። አዲሱን ሰርቨር የት እናስቀምጥ? «ደሴ ብርድ ስለሆነ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም» የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። ሰርቨር ግን የሚቀዘቅዘው በአየሩ ቅዝቃዜ ብቻ ሳይሆን በአየሩ ክብደትም ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ሳስቷል። ማራገቢያው ያው ቢሽከረከርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። አምራቾች ይህን በመመሪያቸው ላይ ይጽፉታል። በብዙዎቹ ላይ ሰርቨሩ የሚችለው የክፍል ሙቀት 35 ዲግሪ ሲሆን ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። ደሴ ላይ 30 ገደማ ይቀራችኋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 32 ገደማ፤ ቀን ላይ ያለውን ሙቀት ግን አንተው ታውቀዋለህ። በሩ የተዘጋ ትንሽ ክፍል ውስጥ ሁለት ሶኬት ሙሉ ቀን ሲሠራ፣ ውጭ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ እያለ፣ ውስጡ 30ን ያልፋል። ያኔ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ እናንተም ያልገዛችሁትን ዘገምተኛ ማሽን ታገኛላችሁ። ቴርሞሜትር ከሰርቨሩ ፊት፣ አየር ከሚስብበት በኩል ስቀል። መስኮት ከፍቶ መተው ደግሞ የክረምቱን ጉምና አቧራውን መጋበዝ ነው፤ አየር ማውጫ ማራገቢያ አስገባ።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ የሚለውን የሚወስነው ግን ሙቀቱ አይደለም። የሚበዛው ሰው የተቀመጠበት ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ፒንግ አድርገህ፣ መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ለካ። ፕሮግራማችሁ አንድ ገጽ ለመክፈት 200 ትንንሽ ኩዌሪ ተራ በተራ የሚልክ ከሆነና መልሱ በ20 ሚሊሴኮንድ የሚመጣ ከሆነ ያ ገጽ 4 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ሰርቨሩ የፈለገውን ያህል ኮር ይኑረው።

መብራቱን በተመለከተ፦ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ያለው ሰርቨር ግዛ፣ አንዱን ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆየው መሣሪያ)፣ ሌላውን ከሌላ መስመር ሰካው። የዩፒኤሱን የዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር አገናኝ፤ ብዙ ቦታ ገመዱ በላስቲኩ እንደተጠቀለለ ካርቶኑ ውስጥ ነው የማገኘው። ገመዱ ከተሰካና ፕሮግራሙ ከተጫነ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ዳታቤዙን በሥርዓት ዘግቶ ራሱን ያጠፋል። ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ ሰው በሌለበት፣ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀልና ቆመህ እይ።